ፍሪጅ ውስጥ ያደረው ካሜራ

ሙሽራው ለሻይ የሚሆን ወተት ሊያወጣ የፎቶ ቤቱን ፍሪጅ ሲከፍት፣ ካሜራው ከወተቱና ከግማሽ ሎሚ መሀል ተቀምጦ አየው። ሌንሱ ወደ ላይ ዞሯል። ከሥሩ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፎለታል። ማንጠልጠያው ሳይቀር በሥርዓት ተጠቅልሎ ጎኑ ተቀምጧል።

ፍሪጁን ቶሎ መልሶ ዘጋው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የክፍሉ ሙቅ አየር እየገባ ቀዝቃዛው ብረትና መስታወት ላይ ውኃ እንደሚሆን ያውቃል። ከዚያ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ትንሽ ቆመ።

"ሙሽራው፣ ወተት የለም እንዴ?" አሉ ጋሽ ፎቶ ከፊተኛው ክፍል።

ሙሽራው ካገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ፀጉሩም ከፊት መሳሳት ጀምሯል። አማቱ ግን ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ "ሙሽራው" ማለታቸውን አልተዉም፤ ደንበኞቹም ከእሳቸው እየሰሙ ስሙ በዚያው ጸደቀ። እሳቸውን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ፎቶ ይላቸዋል። ፎቶ ቤቱን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት በፊልም ሲያነሱና ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያጥቡ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ለልጃቸው ባል አስረከቡ። አስረከቡ የሚባለው ለወጉ ነው። ቁልፉ ዛሬም ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ጠዋት ከእሱ ቀድመው ይመጣሉ፣ ሲመሽ ከእሱ ኋላ ዘግተው ይሄዳሉ።

"አባባ፣ ካሜራው ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ያርፋል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ትናንት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው ያስገባሁት። ምነው? አንተ አይደለህም እንዴ የጻፍከው?" ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ።

ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ካርቶን ተለጥፏል። ርዕሱ "የካሜራ አጠቃቀምና አያያዝ ጥንቃቄ" ይላል። ሙሽራው የጻፈው ባለፈው ወር ነው፤ ጋሽ ፎቶ ሁለተኛውን ካሜራ "ላጽዳው" ብለው ሌንሱን ነቅለው፣ ውስጡን እፍ እፍ ብለው፣ በመነጽር መጥረጊያቸው ያሹት ዕለት። ምስሉን የሚቀበለው ስስ መስታወት ተጫረ። ያ ካሜራ እስከ ዛሬ ጠጋኙ ዘንድ ነው። ሙሽራው ያን ቀን ጥርሱን ነክሶ፣ በአፉ ሊናገር ያልደፈረውን ሁሉ ካርቶኑ ላይ አፈሰሰው።

"እስቲ አንብበው" አሉ ጋሽ ፎቶ። "ሙቀት ባለበት ቦታ አይቀመጥ። አቧራ ባለበት አይቀመጥ። ፀሐይ አይንካው። ሕፃናት በማይደርሱበት ይሁን። ቤቱን ሁሉ ዞርኩልህ። ጣሪያው ሲግል ይሄ ክፍል ምድጃ ነው። መሳቢያው አቧራ ነው። ሙቀት የሌለበት፣ አቧራ የማይገባው፣ ፀሐይ የማያየው፣ በሩ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ሌላ ቦታ ካለህ አሳየኝ!"

"እርጥበትስ? እርጥበት ባለበት አይቀመጥ የሚለውስ?"

"በእጄ ዳስሻለሁ። ደረቅ ነው። ፎጣም አንጥፌለታለሁ። ልጄ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ፊልሜን እዚሁ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያኖርኩት። አንድ ጥቅል ተበላሽቶብኝ አያውቅም።"

አማቱ እንቢተኛ ቢሆኑ ኖሮ ቀላል ነበር፤ እንቢተኛ ሰው ያስቆጣል እንጂ ግራ አያጋባም። ጋሽ ፎቶ ግን የተጻፈውን ሁሉ ያከብራሉ። ችግሩ ይኸው ነው።

ሰዓቱን አየ። ሁለት ተኩል አልፏል። አራት ሰዓት ላይ እማማ ዳቦ ከነልጆቻቸው ይመጣሉ።

እማማ ዳቦ ከመንገዱ ማዶ ያለው የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። ሰባት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ሩቅ በረሃ ውስጥ ማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው፤ ሌሎቹም በየፊናቸው ተበትነዋል። አንዱ ሲመጣ ሌላው እየቀረ፣ ሰባቱ አንድ ላይ ከተገናኙ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። በዚህ ሳምንት እንዴት እንዴት ብሎ ስድስቱ ተሰበሰቡ፤ ሰባተኛዋ ደግሞ ከሥራ ፈቃድ አግኝታ ዛሬ ጠዋት ገባች። ትልቁን የሚወስደው አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። አምስት ተኩል ላይ ከዚህ ካልወጣ ያመልጠዋል። ከአራት እስከ አምስት ተኩል፤ ያለው ጊዜ ይህ ብቻ ነው። እማማ ዳቦ ፎቶው የሚሰቀልበትን የግድግዳ ስፋት በክር ለክተው አምጥተዋል። ከበር ይበልጣል።

"በስልክማ ሰባቱም ፎቶ ያነሳሉ" ብለውት ነበር። "እኔ የምፈልገው ገብቼ ስወጣ ዓይን ዓይናቸውን የማይበት ነው። ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚሰበሰቡ ማን ያውቃል? እኔስ እኖር ይሆን?"

ሙሽራው ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት አመጣ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ ሲያጠራቅማቸው የኖረውን እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶች ጨመረበት። ከዚያ ፍሪጁን በጠባቡ ከፈተ፣ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ ካሜራውን እዚያው ብርዱ ውስጥ እንዳለ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው፣ አየሩን ጨምቆ አስወጣ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ካወጣው በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ምን አደረገህ ብለህ ነው የምታፍነው?" አሉ ጋሽ ፎቶ።

"አባባ፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሙቅ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ላብ አያልበውም? ካሜራውም እንደዚያ ነው። ላቡ ውስጡ ከገባ አለቀለት። ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። እስከ አራት ከአርባ ማለት ነው። ደንበኞቹን ትንሽ እናቆያቸዋለን። እስከዚያ ማንም አይነካውም።"

"ማንም ማለት እኔን ነው።"

"ማንም ማለት ማንም ነው።"

"እሺ። ማንም አይነካውም" አሉ ጋሽ ፎቶ፤ ወንበር ስበውም ካሜራውን ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ሙሽራው ወደ በረንዳው ወጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ከኋላዋ የደንበኛ ድምፅ ይሰማል።

"አባትሽ ካሜራውን ፍሪጅ ውስጥ አሳደሩት።"

"ምን?"

"ፍሪጅ። ከወተቱ ጋር።"

እንደምትስቅ ገባው። "እየሳቅሽ ነው?"

"አልሳቅኩም። እንዳትጮኽባቸው ብቻ።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጮኼ አውቃለሁ?"

"ኧረ ተው! ቤታችን ውስጥ አንተ የምትጮኸው በእኔ ላይ ነው። ደግሞ አይፈረድባቸውም፤ ሙቀት ባለበት አይቀመጥ አልክ እንጂ የት እንደሚቀመጥ መቼ ጻፍክ? ... እሺ እትዬ፣ ከምግብ በኋላ ነው የሚዋጠው ... በቃ፣ ሰው መጣብኝ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። እውነቷን ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ወደ ፎቶ ማንሻው ክፍል ገባ። ስምንት ሰው የሚይዝ መጋረጃ ዘረጋ፣ መብራቶቹን ተከለ፣ እማማ ዳቦ የሚቀመጡበትን ወንበር መሀል አደረገ፤ አንድ እግሩ ሲንገዳገድ አይቶ በሌላ ለወጠው። ለከፍታ የሚሆኑ ሳጥኖች ደረደረ። ሥራ ሲይዝ ንዴቱ በረድ አለለት። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲወጣ ሲወርድ ቆየ። ላቡን እየጠረገ ወደ ፊተኛው ክፍል ሲመለስ የማራገቢያ ድምፅ ሰማ።

ከረጢቱ ባዶውን መሬት ላይ ተጥሏል። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጋሽ ፎቶ ማራገቢያውን በቅርቡ ደግነውበታል። ሌንሱ በጉም ተሸፍኗል። ጥቁሩ ገላው ላይ ደቃቅ የውኃ ጠብታ ፈስሷል፤ ምስል በሚታይበት የኋላ መስታወቱም ላይ አንዱ ጠብታ ወደ ባትሪው በር እየተንሸራተተ ነው።

"አባባ! ምን አደረጉ?"

"ከረጢቱ ውኃ ያዘ!" አሉ ጋሽ ፎቶ፣ እሳቸውም ደንግጠው። "ዳርና ዳሩ ሁሉ ረጠበ። እርጥበት ባለበት ቦታ አይቀመጥ ይላል! አንተን ብጣራ አልሰማኸኝም። ከእርጥበቱ አወጣሁትና ላደርቀው ነው። ሌንሱን ግን አልነቀልኩም፤ አይነቀል ተብሎ ተጽፏል።"

ውኃው ያለው ከከረጢቱ ውጭ ነበር። ከረጢቱ ሥራውን እየሠራ ነበር። ሙሽራው ይህን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ ጋሽ ፎቶ ነገሩን ሊያሻሽሉ ከደረት ኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሌንሱን ሊጠርጉ እጃቸውን ዘረጉ።

"ይተዉት!" አለ ሙሽራው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "ይተዉት በቃ! ምንም አይንኩብኝ! ምንም! ሁለቱንም እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱና ይቀመጡልኝ!"

ሙሽራው ዞር ሲል በሩ ላይ ሰው ቆሟል። እማማ ዳቦ ከፊት፣ ሰባቱ ልጆቻቸው ከኋላ፣ ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰው።

ጋሽ ፎቶ መሐረቡን አጠፉ። ሁለቱንም እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ወደ ኋላ ክፍል ሄዱ።

"ይኸ ጩኸት በጋሼ ላይ ነው?" አሉ እማማ ዳቦ።

"ይቅርታ እማማ። ካሜራው ትንሽ ችግር ገጥሞት ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"የምን ችግር?" አለ ትልቁ ልጃቸው፣ ሰዓቱን እያየ። "እኔ አምስት ተኩል ላይ መውጣት አለብኝ።"

"ይደርሳል" አለ ሙሽራው። የሚደርስ መሆኑን ግን አያውቅም። ማራገቢያውን አጠፋ። ካሜራውን ገልብጦ ባትሪውን አወጣ፣ ሚሞሪውን አወጣ፤ ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ትንሽ ተነፈሰ። ገላውን በደረቅ ጨርቅ እየነካካ ውኃውን አነሳ፤ የካሜራውን በሮች ሁሉ ከፍቶ ጥላ ያለበት መደርደሪያ ላይ አኖረው። ሌንሱ ውስጥ የገባው ጉም ግን በጨርቅ አይወጣም። ራሱ ነው የሚለቀው፤ መቼ እንደሚለቅ ደግሞ ራሱ ነው የሚያውቀው። አሁን ቢያበራው እዚያው ሊቃጠል ይችላል።

አራት ከሩብ ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ሰባቱ ልጆች መጋረጃው ፊት ተበታትነው ቆመዋል። ሦስተኛው ልጅና አምስተኛዋ ከመጡ ጀምሮ ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ እናታቸውን ማን ይዞ ይኑር በሚል ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ትንሿ ስልኳን ትነካካለች። ትልቁ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል።

"ኧረ እንዲያው የአቋቋም ነገር እንኳን አስተካክልልን" አሉ እማማ ዳቦ።

ሙሽራው ሞከረ። "እርስዎ እዚህ፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ..." ሦስተኛውን ወደ መሀል ሲጠራው "እዚሁ ይሻለኛል" አለ። አምስተኛዋን ሲጠራት "እሱ ካለበት አልቆምም" አለች። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ አንዷ ተቆጣች፤ ወዲያው ሰባቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

"ጋሼ የት አሉ?" አሉ እማማ ዳቦ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "የሠርጌን ፎቶ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሳይኖሩ እኔ አልነሳም። ሂድ ጥራቸው።"

ሙሽራው ሄደ። ጋሽ ፎቶ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው። ፊታቸው የተቀመጠው ሻይ አልተነካም። መነጽራቸውን አውልቀው ጎኑ አስቀምጠዋል።

"አባባ፣ እማማ ዳቦ ይፈልጉዎታል።"

"ካሜራው ሞተ?"

"ገና አልታወቀም።"

"እኔ ነኝ የገደልኩት።"

ሙሽራው አዎ ሊል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ የሽማግሌው ጣቶች ኪሳቸው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አየ። "ወረቀቱን በደንብ አልጻፍኩትም" አለ በመጨረሻ፤ ይህም ቢሆን ከአንገት በላይ አልነበረም። "አሁን ይምጡልኝ። ልጆቹን እንዲቆሙ ማድረግ አቃተኝ።"

ጋሽ ፎቶ ተነሱ። ማንሻው ክፍል ሲገቡ እማማ ዳቦን አይተው ፈገግ አሉ። "ሙሽሪት፣ ወንበሩን ጠጋ አድርጊው።" የስድሳ አራት ዓመቷ ሙሽሪት እንደተባሉት አደረጉ።

ከዚያ ጋሽ ፎቶ ሥራ ጀመሩ፣ በአገጫቸው። እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። "አንተ፣ ረጅሙ፣ ወደዚህ" ይላሉ አገጫቸውን እየወረወሩ። "አንቺ፣ ቀዩዋ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ። የለም፣ የለም፣ ሌላው ወገን።"

"ጋሼ፣ እጅዎን ምን ሆኑ?" አለች ትንሿ።

"እጅ ኪስ ይግባ ተብዬ ነው።"

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ሙሽራው ጆሮው ድረስ ቀላ። "አባባ፣ ኧረ ያውጡት!"

"ትእዛዝ ነው።"

"እየለመንኩዎት ነው፣ ያውጡት! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጮኼ ትክክል አልነበረም።"

"እንዲያ ከሆነ" አሉ ጋሽ ፎቶ፤ እጆቻቸውንም አወጡ። ያን ጊዜ ክፍሉ መልክ ያዘ። የአንዱን ኮሌታ ያቃናሉ፣ የአንዷን ትከሻ ሩብ ያህል ያዞራሉ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ፣ ተመልሰው እንደገና ያፈርሱታል። በፊልም ዘመን አንድ ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ያዩ ነበር። ሙሽራው ይህን ነገራቸውን አንድ ቀን ወዶት አያውቅም፤ ደንበኛ ያሰለቻል። ዛሬ ግን ሰዓቱን እያየ በልቡ "ይጨምሩ፣ ይጨምሩ" ይል ጀመር።

"አንተ፣ ሦስተኛው፣ እዚህ። አንቺ ከጎኑ።"

"እኔ ከእሱ ጎን አልቆምም።"

"ለምን? ይሸታል?"

"አይሸትም ..."

"ቁመታችሁ እኩል ነው። እናንተ ከተለያያችሁ ፎቶው እንደ ተሰበረ ማበጠሪያ ነው የሚሆነው። ይኸ ደግሞ በእናታችሁ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። ከዚህ ወጥታችሁ ተጣሉ፤ እኔ የማነሳችሁ ለአንድ ቅጽበት ነው።"

ሁለቱ በመሀላቸው የክንድ ስፋት ትተው ቆሙ። ጋሽ ፎቶ ያን ክፍተት አዩና ሁለቱንም በትከሻቸው ይዘው አጣበቋቸው።

አምስት ከሩብ ላይ ሙሽራው ሌንሱን ወደ ብርሃን አነሳው። ጠርዙ ላይ እንደ ጥፍር ጨረቃ የቀጠነ ጉም ቀርቷል። ጠበቀ። ትልቁ ልጅ ሻንጣውን በር ላይ አድርሶ ተመለሰ። አምስት ከሃያ ላይ ጉሙ የለም። ባትሪውን መለሰ፣ ሚሞሪውን መለሰ፣ በሮቹን ዘጋ። ማብሪያውን ተጫነ።

የኋላው መስታወት ጨለማ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ በራ።

"ተዘጋጁ!" አለ ሙሽራው፤ ድምፁ ሊያለቅስ እንደሚል ሰው ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ተጫነ። ስድስተኛው ላይ የስምንቱም ዓይን ክፍት ነበር፤ ማንም አልተነቃነቀም፣ ማንም ወደ ሰዓት አላየም።

ትልቁ ልጅ እናቱን አቅፎ፣ የጋሽ ፎቶን ትከሻ ስሞ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ወጣ። ወንድሞቹና እህቶቹ ሊሸኙት ተከተሉት። እማማ ዳቦ ብቻ ወንበራቸው ላይ ቀሩ።

"ሳላየው አልነሳም" አሉ። "እዚያች መስታወት ላይ አሳየኝ።"

ሙሽራው ስድስተኛውን አውጥቶ ካሜራውን ወደ እሳቸው አቀረበ። እማማ ዳቦ አራቁት፣ አቀረቡት፤ መነጽር አልያዙም። "ምንም አይታየኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ይዩልኝ።"

ጋሽ ፎቶ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። "አንቺ መሀል ነሽ፣ ቀጥ ብለሽ፣ እንደ ንግሥት። ትልቁ ከኋላሽ ነው፣ እጁ ወንበርሽ ላይ። ትንሿ እግርሽ ሥር። ሁሉም አሉ፤ ሰባቱም።"

"ሦስተኛውስ?"

"ከእህቱ ጎን።"

"ይስቃል?"

"ጥርሱ ሁሉ ይታያል።"

እማማ ዳቦ እፎይ ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ። ሙሽራው መስታወቱን አየ። ሦስተኛው ልጅ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ዘግቷል፤ አንድ ጥርስ አይታይም። ከእህቱ ጎን ግን ነው፤ ትከሻቸውም ተነካክቷል። ከዚያ ቀና ብሎ የአማቱን ፊት አየ። መነጽራቸው ኋላ ክፍል ከቀዘቀዘው ሻይ ጎን እንደተቀመጠ ነው። ጋሽ ፎቶ የነገሩት ያዩትን ሳይሆን ያቆሙትን ነበር።

ፎቶው ከበር በልጦ ታትሞ ሲመጣ እማማ ዳቦ ራሳቸው ያዩታል፤ የዚያን ዕለት የሚጠየቀው ደግሞ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

"እርግጥ ነው እማማ፣ አባባ እንዳሉት ነው" አለ ሙሽራው፤ ካሜራውንም አጠፋው።